አያክስ በሲዝኑ መሀል አለቆቹን ለምን አባረረ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ2023/24 በኔዘርላንዱ የእግር ኳስ ክለብ በአምስተርዳሙ አያክስ ላይ ስለደረሰው ጉድ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ነው እዚህ የሰበሰብኩት፣ ቀኖቹ የፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ የተባረረው ማነው? አሰልጣኙ አይደለም እንዴ?

አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። መጀመሪያ የሄደው ቴክኒካል ዳይሬክተሩ ነው፣ ስቬን ሚስሊንታት የሚባል ጀርመናዊ። ሴፕቴምበር 24፣ 2023 እሁድ ከፌየኖርድ ጋር የነበረው ጨዋታ በረብሻ ተቋረጠና በዚያው ቀን ክለቡ መሰናበቱን አሳወቀ። ስራ ከጀመረ ገና አምስት ወር እንኳን አልሞላውም።

አሰልጣኙ ማውሪስ ስታይን አንድ ወር ያህል ተንገዳግዶ ኦክቶበር 23 ተከተለ። ከላይ ደግሞ የተቆጣጣሪ ቦርዱ ሊቀመንበር ፒየር ኤሪንጋ በዚያው ሰሞን ወንበሩን ለቀቀ። ስለዚህ አንድ ሰው ተባረረ ሳይሆን ከቢሮው ጀምሮ እስከ ሜዳው ጠርዝ ድረስ በአንድ ወር ውስጥ ተናደ ብትል ይሻላል።

ቴክኒካል ዳይሬክተር ግን ስራው ምንድነው? አሰልጣኙ አይደለም ተጫዋች የሚመርጠው?

ድሮ አሰልጣኙ ነበር፣ ፈርጉሰንን ቬንገርን አስቡ። አሁን አብዛኛው የአውሮፓ ክለብ ላይ ተጫዋች የሚገዛው የሚሸጠው፣ ስካውቶቹን (ተጫዋች ፈላልገው የሚያገኙትን) የሚመራው፣ አሰልጣኙን ራሱ የሚቀጥረው ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ነው። አሰልጣኙ የተሰጠውን አሰላለፍ ውስጥ ያስገባል። ሀሳቡ ደህና ነው፣ አሰልጣኝ በየሁለት አመቱ ይቀያየራል ስለዚህ የክለቡን መንገድ የሚያውቅ ሰው ከላይ ይኑር ነው ነገሩ።

ችግር የሚመጣው ሁለቱ ሳይነጋገሩ ሲሰሩ ነው። አንዱ ገበያ ሄዶ ሽንኩርትና ቲማቲም ሳይሆን ሙዝና አናናስ ገዝቶ ይመጣል፣ ሌላው ደግሞ ወጥ ስራ ተብሎ ምድጃው ጋ ቆሟል።

ሚስሊንታት ማነው? ስሙን ከአርሰናል ጋር ሰምቼዋለሁ መሰለኝ

ትክክል ነህ። ዶርትመንድ ስካውት በነበረበት ዘመን ነው ስሙን ያተረፈው፣ ሺንጂ ካጋዋ፣ ሌዋንዶቭስኪ፣ ኦባሜያንግ፣ ኡስማን ዴምቤሌ የመጡባቸው አመታት ናቸው። ጀርመኖቹ "የአልማዝ አይን" እያሉ ይጠሩታል። በ2017 መጨረሻ አርሰናል የተጫዋች ምልመላ ሀላፊ አድርጎ ወሰደው፣ ጌንዱዚ የመጣው በሱ ጊዜ ነው፣ ግን በ2019 መጀመሪያ ላይ ከአለቆቹ ጋር ሳይስማማ ሄደ። ከዛ ሽቱትጋርት፣ ከዛ አያክስ።

እንግዲህ ስለ ተጫዋች አይኑ ማንም አይከራከርም። ግን ጥሩ አይን ያለው ሰው ሁሉ ቢሮ ይመራል ማለት አይደለም፣ ስካውት ስትሆን አስር ስም ታቀርባለህ አለቃህ ሁለቱን ይመርጣል፣ አለቃው አንተ ስትሆን ግን "ይቅር" የሚልህ ሰው የለም። እኔ በግሌ የአያክስን ጣጣ ያመጣው ይሄ "ይቅር" ባይ መጥፋቱ ነው ባይ ነኝ፣ ወደ ታች ስንሄድ ታዩታላችሁ።

በአንድ ክረምት ስንት ተጫዋች ነው ያስመጣው?

12። ወጪው ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በላይ። ዮሲፕ ሹታሎ ከዲናሞ ዛግሬብ በ20 ሚሊዮን አካባቢ፣ ካርሎስ ፎርብስ ከማንቸስተር ሲቲ፣ ጆርጅ ሚካውታድዜ ከሜትስ፣ ቹባ አክፖም ከሚድልስብራ፣ ቦርና ሶሳ ከሽቱትጋርት፣ ሌሎቹን ስም ብዘረዝር ግማሹን አታውቋቸውም፣ የአያክስ ደጋፊም ያኔ አያውቃቸውም ነበር።

ነገሩን አስቡት። አስራ ሁለት ሰው አንድ ላይ አዲስ፣ ብዙዎቹ ገና ልጆች፣ ብዙዎቹ ደች አይናገሩም፣ ከፊሎቹ የመጡት ሊጉ ከተጀመረ በኋላ ነው፣ አሰልጣኙ ራሱ ከስፓርታ ሮተርዳም የመጣ አዲስ ሰው። ልምምድ ሜዳ ላይ ስም ለመያዝ ብቻ ሁለት ሳምንት ያስፈልጋል።

ያን ሁሉ ዩሮ ከየት አመጡት?

ከሽያጭ። አያክስ ማለት ሲፈጥር ሲሸጥ የሚኖር ክለብ ነው። በ2022 አንቶኒንና ሊሳንድሮ ማርቲኔዝን ለማንቸስተር ዩናይትድ ሸጦ ከ150 ሚሊዮን ዩሮ ያላነሰ አስገባ፣ አንቶኒ ብቻውን 95 ሚሊዮን ነበር (የዩናይትድ ደጋፊዎች ይቅርታ፣ ቁስል መነካካቴ አይደለም)። በ2023 ክረምት ደግሞ ዩሪየን ቲምበር ወደ አርሰናል፣ መሀመድ ኩዱስና ኤድሰን አልቫሬዝ ወደ ዌስትሃም፣ ካልቪን ባሴ ወደ ፉልሃም ሄዱ፣ ካፒቴኑ ዱሻን ታዲችም ለቀቀ። ማለትም ገንዘቡ አለ፣ ቡድኑ ግን የለም።

የዚያን ቀን ስታዲየም ውስጥ ምን ተፈጠረ?

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ፣ በኛ አቆጣጠር መስከረም 13 ቀን 2016 ነበር። ተጋጣሚው ማንም አይደለም፣ ፌየኖርድ ነው፣ የሮተርዳሙ ባላንጣ፣ የሊጉ ሻምፒዮን። ሳንቲያጎ ሂሜኔዝ ገና በ9ኛው ደቂቃ አገባ፣ በ18ኛው ደገመ፣ ኢጎር ፓይሻኦ ከእረፍት በፊት ሶስተኛውን ጨመረ። 0 ለ 3፣ በገዛ ቤታቸው፣ ዮሃን ክራይፍ አሬና ላይ።

ከእረፍት መልስ ከጎሉ ጀርባ ካለው መቀመጫ ርችት መወርወር ተጀመረ፣ ቀይ እሳቱ ሳሩ ላይ ይወድቃል ጭሱ ይንቦገቦጋል፣ ዳኛው ሰርዳር ጎዙቡዩክ 55ኛው ደቂቃ ላይ ሁለቱንም ቡድን ይዞ ወደ መልበሻ ቤት ገባ። እኔ ስልኬ ላይ እያየሁ ኔትወርኩ የቆመ መስሎኝ ሁለት ሶስት ጊዜ ነካክቼዋለሁ፣ ለካ የቆመው ጨዋታው ነው። ከዛ ረብሻው ወደ ውጪ ወጣ፣ ደጋፊዎች ዋናውን መግቢያ ሰብረው ሊገቡ ሞከሩ፣ መስታወቱ ረገፈ፣ ፈረሰኛ ፖሊስ መጣ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። ሰው የሚፈልገው አሰልጣኙን አልነበረም፣ ቁጣው በሚስሊንታት ላይ ነበር። ማታ ላይ መባረሩ ተሰማ።

የቀረው ጨዋታ እሮብ ሴፕቴምበር 27 ባዶ ስታዲየም ውስጥ ከተቋረጠበት ደቂቃ ቀጠለ፣ ሂሜኔዝ ብዙም ሳይቆይ ሶስተኛ ጎሉን አግብቶ ሀትሪኩን ሞላ፣ 0 ለ 4 አለቀ። እዚህ እኛ ጋ የደመራ እለት ነበር፣ እነሱ ደመራቸውን ቀደም ብለው እሁድ ለኩሰውታል።

ታዲያ ችግሩ ሁሉ የጀመረው ከሚስሊንታት ነው?

አይ፣ ይሄ ነው ዋናው ነገር። ቤቱ ቀድሞ ባዶ ሆኖ ነበር። ያ በ2019 የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍፃሜ የደረሰውን ቡድን የገነባው ማርክ ኦቨርማርስ ነው፣ ቴክኒካል ዳይሬክተር ሆኖ፣ ፌብሩዋሪ 2022 ላይ ለሴት የስራ ባልደረቦቹ ያልተገባ መልእክት ይልክ እንደነበር ወጥቶ ለቀቀ። በዚያው አመት አሰልጣኙ ኤሪክ ቴን ሃግ ወደ ዩናይትድ። ተተኪው አልፍሬድ ሽሬደር ጃንዋሪ 2023 ላይ ከቮለንዳም ጋር 1 ለ 1 ወጥቶ በዚያው ማታ ተሰናበተ። ሜይ 2023 ላይ ደግሞ ዋና ዳይሬክተሩ ኤድዊን ቫን ደር ሳር፣ አዎ በረኛው፣ ደክሞኛል ብሎ ለቀቀ፣ ከወር በኋላ ክረምት ላይ የአንጎል ደም መፍሰስ አጋጥሞት ሆስፒታል ገባ፣ ደግነቱ ተርፏል።

ስለዚህ ሚስሊንታት ሲመጣ ከበላዩ ማነው ያለው? ጊዜያዊ ሀላፊው ያን ቫን ሃልስት። ቋሚው ዋና ዳይሬክተር አሌክስ ክሩስ ተሹሟል፣ ኦገስት 2 ላይ ታውጇል፣ ግን ስራ የሚጀምረው ማርች 15፣ 2024 ነው! ሰባት ወር ተኩል። ቼኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ የዝውውር መስኮቱ (ተጫዋች መግዣና መሸጫው ጊዜ) ተከፍቶ፣ ባለቤት የሚመስል ሰው ቤት ውስጥ የለም። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አዲስ ሰው መቶ ሚሊዮን ይዞ ቢሳሳት ምን ይገርማል?

ክለቡ ለማባረሩ የሰጠው ምክንያት ምን ነበር?

ውጤት አላሉም። ድርጅቱ ውስጥ ሰፊ ድጋፍ የለውም ነው ያሉት። በኛ ቋንቋ ማንም አብሮት መስራት አልፈለገም ማለት ነው። ይሄ አባባል ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ይናገራል፣ ስካውቱም አሰልጣኙም አካዳሚውም "እኛን ማን ጠየቀን" ካለ ዳይሬክተሩ አልማዝ ቢያመጣም ዋጋ የለውም።

የቦርና ሶሳ ዝውውር ጉዳይስ? ሌብነት ነበር እንዴ?

ቀስ። የሆነው ይሄ ነው፣ ሚስሊንታት ማችሜትሪክስ የሚባል የዳታ ካምፓኒ ውስጥ ድርሻ ነበረው፣ የሶሳን ዝውውር ከሰሩት ኤጀንቶች ጋር ካምፓኒው ግንኙነት አለው የሚል ወሬ ሚዲያ ላይ ወጣ፣ አያክስም ከውጪ ሰው አምጥቼ አጣራለሁ አለ። ይሄ ሁሉ ከመባረሩ ጥቂት ቀን በፊት ነው። ማጣራት ታዘዘ ማለት ጥፋት ተገኘ ማለት አይደለም፣ ከላይ እንዳልኩት ክለቡ ሲያሰናብተው ይሄን ምክንያት አላደረገውም። ፌስቡክ ላይ "ሌባው ዳይሬክተር" እያላችሁ የምትፅፉ ሰዎች እረፉ።

ለምን ሲዝኑ እስኪያልቅ አልጠበቁም? ወይም ለምን ቀድመው አላባረሩትም?

የመጀመሪያው መልሱ ፍርሀት ነው። መስታወት የሚሰብር ህዝብ በር ላይ ቆሞ ስብሰባ ላይ "እስከ ሜይ እንታገስ" የሚል ሰው አይገኝም። ሌላው ደግሞ አያክስ አክሲዮን ገበያ ላይ ያለ ካምፓኒ ነው፣ ከ1998 ጀምሮ አምስተርዳም ስቶክ ማርኬት ላይ ሼሩ ይሸጣል፣ ከመቶ 73ቱ የአባላት ማህበሩ ነው። አንድ ሼህ ወይ አንድ ቢሊየነር ተነስቶ "ተዉት" የሚልበት ቤት አይደለም፣ ቦርድ አለ ማህበር አለ የድሮ ተጫዋች አለ ጋዜጠኛ አለ፣ ሁሉም ከየአቅጣጫው ይጎትታል።

ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የለኝም፣ ንዴት ነው ያለኝ። የዝውውር መስኮቱ ሴፕቴምበር 1 ተዘጋ፣ ሰውየው የተባረረው ሴፕቴምበር 24። በዚህ መሀል የተቀየረ ነገር ምን አለ? የገዛቸው ልጆች ያው ናቸው፣ ያወጣው ብር ያው ነው፣ የተቀየረው ነጥቡ ብቻ ነው። ገንዘቡን ሲያወጣ ዝም ያለ ቦርድ ሲሸነፍ ነው ነቅቶ የጮኸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው።

እሱ ሲባረር የገዛቸው ተጫዋቾች ምን ሆኑ?

ምንም፣ ውላቸው አለ። ብዙ ሰው ይሄን አያስተውለውም፣ ዳይሬክተር ስታባርር ፊርማውን አታባርርም፣ አራት አመት አምስት አመት የተፈረመ ውል ደሞዙ በየወሩ ይወጣል። አዲሱ ሰው ደግሞ የራሱ ያልሆነውን ተጫዋች ይጠላል፣ በርካሽ ያወጣዋል ወይ በውሰት ይልከዋል፣ ኪሳራው እዛ ላይ ነው የሚቆለለው።

የሚካውታድዜ ነገር ጥሩ ማሳያ ነው። ከሜትስ በብዙ ሚሊዮን መጣ፣ አያክስ ውስጥ በሊጉ አንድ ጎል ሳያገባ ጃንዋሪ ላይ ወደዛው ወደ ሜትስ ተመለሰ። ከዛ በክረምቱ ለጆርጂያ በአውሮፓ ሀገራት ውድድር፣ ዩሮ 2024 ላይ ተሰልፎ ሶስት ጎል አግብቶ ከውድድሩ ኮከብ ጎል አግቢዎች አንዱ ሆነ። እንግዲህ የአልማዝ አይኑ ተሳስቷል ወይስ አልተሳሳተም? ልጁ ተጫዋች ነው፣ ግን ያኔ በዛ ቡድን ውስጥ ማንም ቢሆን ተጫዋች አይመስልም ነበር።

ካሳ ይከፈላቸዋል ወይ?

አዎ፣ በሲዝን መሀል ማባረር ርካሽ አይደለም። የሚስሊንታትን ትተን ሂሳቡ በይፋ የታወቀውን ልንገርህ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ በ2024 ስፖርት ዳይሬክተሩን ዳን አሽዎርዝን ከኒውካስል ለማምጣት ወራት ተደራደረ፣ ጁላይ ላይ ስራ ጀመረ፣ ዲሴምበር ላይ ሸኙት። አምስት ወር። ለመሸኘት ብቻ 4.1 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ። ቴን ሃግና ረዳቶቹን ለማሰናበት ደግሞ 10.4 ሚሊዮን፣ በድምሩ 14.5። በዛው ሰሞን ክለቡ ወጪ እንቀንስ ብሎ ተራ ሰራተኛ እየቀነሰ ነበር፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ካባረሩት በኋላ ቡድኑ ተሻለው?

ባሰበት። ኦክቶበር 22 በዩትሬክት 4 ለ 3 ተሸነፉ፣ በማግስቱ ስታይን ሄደ። ኦክቶበር 29 ፒኤስቪ 5 ለ 2 ቀጣቸውና አያክስ፣ አራት ጊዜ የአውሮፓ ዋንጫ የበላው አያክስ፣ በ8 ጨዋታ 5 ነጥብ ይዞ የሊጉ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። ሰንጠረዡን ስልክ ላይ ለማየት ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ እስከ መጨረሻው ማንሸራተት ነበረብህ።

ከዛ የድሮው ተጫዋች ጆን ቫንት ስኪፕ መጣና ትንሽ አረጋጋው፣ ነጥብ መሰብሰብ ጀመሩ። ዲሴምበር ላይ ግን ዩኤስቪ ሄርኩሌስ የሚባል የአማተር ቡድን፣ ቀን ስራ ሰርተው ማታ ልምምድ የሚወርዱ ልጆች፣ 3 ለ 2 አሸንፎ ከሀገሪቱ ዋንጫ አወጣቸው። ኤፕሪል ላይ ፌየኖርድ በድጋሚ፣ 6 ለ 0። ሲዝኑን 5ኛ ሆነው ጨረሱ። ከመጨረሻ ተነስቶ 5ኛ መሆን መሻሻል ነው ካላችሁ እሺ፣ ግን እሱን ያደረገው ማባረሩ ሳይሆን ጊዜና አንድ የተረጋጋ አሰልጣኝ ነው።

አሜሪካኖቹ ፍሮንት ኦፊስ (ቢሮ ያሉትን አለቆች) አባረሩ ሲሉ ያው ነገር ነው?

ሀሳቡ ያው ነው፣ አሰራሩ ይለያል። እዛ ጀነራል ማናጀር ይሉታል፣ አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከላይ ደግሞ አንድ ባለቤት አለ እሱ ካለ አለ ነው። በዚያው 2023 የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ የላስ ቬጋስ ሬይደርስ ባለቤት ማርክ ዴቪስ ቡድኑ 3 አሸንፎ 5 ሲሸነፍ ኦክቶበር 31 ሌሊት ላይ አሰልጣኙን ጆሽ ማክዳንኤልስንና ጀነራል ማናጀሩን ዴቭ ዚግለርን አንድ ላይ ጠራርጎ አወጣ። ቦርድ የለ ስብሰባ የለ።

የሚገርመው የተጫዋች ልውውጥ የሚዘጋው በዚያው ቀን ከሰዓት ነበር። ገበያው ተዘጋ፣ ከዛ ገበያተኛው ተባረረ፣ ልክ እንደ አያክስ። ልዩነቱ እነሱ ወዲያው ተነቃቁ፣ በጊዜያዊው አሰልጣኝ አንቶኒዮ ፒርስ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን 30 ለ 6 አሸነፉ፣ ተጫዋቾቹ መልበሻ ቤት ውስጥ ሲጋር ሲያጨሱ ሁሉ ታይተዋል። ግን ያ ደስታ ረጅም አልሄደም፣ ፒርስም ቋሚ ከሆነ በኋላ ከአንድ ሲዝን አላለፈም።

እኛ ሀገር ለምን እንዲህ አናይም?

እኛ ጋ አሰልጣኝ ነው የሚባረረው፣ ሁሌም። ብዙዎቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የከተማ አስተዳደር ወይ የመንግስት ተቋም ናቸው፣ በጀቱ ከዛ ነው የሚመጣው ቦርዱም ከዛ ነው የሚመደበው፣ ስለዚህ ደጋፊው "ቦርዱ ይውረድ" ቢል ማን ነው የሚያወርደው? የተጫዋች ምልመላውም በአብዛኛው አሰልጣኙ ላይ ነው የሚወድቀው፣ ስለዚህ ሲበላሽም እሱ ላይ ይወድቃል። ተጫዋች የሚመርጥ ዳይሬክተር ቀጥሮ እሱን በሀላፊነት መያዝ ገና ብዙ ይቀረናል።

የአሌክስ ክሩስ የሼር ታሪክስ?

ይሄን ፊልም ላይ ብታዩት አታምኑትም። ሰባት ወር የተጠበቀው አዳኝ ማርች 15፣ 2024 ቢሮ ገባ። ኤፕሪል 2 ላይ ታገደ! ሁለት ሳምንት ተኩል። ምክንያቱ ሹመቱ ከመታወጁ አንድ ሳምንት በፊት ከ17 ሺህ በላይ የአያክስ አክሲዮን ገዝቶ ነበር፣ ቦርዱ ይሄ የውስጥ መረጃ ይዞ መነገድ ነው አለ። ሊቀመንበሩ ያኔ ሚካኤል ቫን ፕራግ ነበር።

ደጋፊውና የድሮዎቹ ሰዎች ግን ክሩስን ነበር የወደዱት፣ ትርምሱ ሲበርድ ቫን ፕራግ ሄደ ክሩስ ደግሞ ቴክኒካል ዳይሬክተር ሆኖ ተመለሰ። የታገደው ሰው ውስጥ ሆነ፣ ያገደው ውጪ ቀረ። አያክስን ለመረዳት ይቺን ብቻ ማወቅ ይበቃል።

እና ሚስሊንታትን ማባረራቸው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም?

ሰዎች በዚህ ይጣሉኛል። እኔ ማባረራቸው ትክክል ነበር እላለሁ፣ ምክንያቱም ከአሰልጣኙ ጋር የማይግባባ ዳይሬክተር ጃንዋሪ ላይ ሌላ ገበያ እንዲወጣ አይፈቀድም፣ ጥፋቱን ያባዛዋል። ነገር ግን ብቻውን መባረሩ ትክክል አልነበረም። 12 ተጫዋች አንድ ሰው በድብቅ አይገዛም፣ እያንዳንዱ ክፍያ በሆነ ጠረጴዛ ላይ አልፏል፣ የሆነ ሰው አይቶ አልፎታል። ሚስሊንታትም በኋላ በ2024 ወደ ዶርትመንድ ተመልሶ ፌብሩዋሪ 2025 ላይ እዛም ከሰው ጋር ሳይስማማ ተሰናብቷል፣ ስለዚህ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው ለሚሉትም ማስረጃ አላቸው። ሁለቱም እውነት መሆን ይችላል።

አሁንስ ነገሩ ተስተካከለ?

በ2024/25 ተስተካከለ ብለን ነበር። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ፋሪዮሊ መጣ፣ አምስት ጨዋታ ሲቀር ከፒኤስቪ በ9 ነጥብ ይበልጡ ነበር፣ ዋንጫውን እያጠቡ ማለት ነው። በአንድ ነጥብ አጡት። ፋሪዮሊ እያለቀሰ ሄደ፣ ጆን ሄይቲንጋ ተቀጠረ፣ ኖቬምበር 2025 ላይ ቻምፒየንስ ሊግ ላይ በጋላታሳራይ በሜዳቸው 3 ለ 0 በተሸነፉ ማግስት እሱም ተባረረ። እና በዚያው ቀን ቦታዬን እለቃለሁ ያለው ቴክኒካል ዳይሬክተር ማን ነበር? አሌክስ ክሩስ።